ኮሌጅ ሲመረጥ ዊኪፒዲያ፦ ተረትና እውነታ

ተማሪ የአንድን ኮሌጅ ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቀድመው ከሚመጡለት ገጾች አንዱ የዊኪፒዲያ ነው። የምሥረታው ዓመት፣ የተማሪው ብዛት፣ ስመ ጥር ምሩቃኑ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ይህን ገጽ ጨርሶ የሚንቅ አለ፤ እንዳለ የሚቀበልም አለ። ሁለቱም ተማሪውን ይጎዳሉ።

ተረት፦ ማንም ስለሚጽፈው ከንቱ ነው።

እውነታ፦ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 በ42 የሳይንስ ርዕሶች ዊኪፒዲያንና ብሪታኒካን በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። በአንድ ጽሑፍ በአማካይ ዊኪፒዲያ ላይ አራት፣ ብሪታኒካ ላይ ሦስት ያህል ስህተት ተገኘ። ብሪታኒካ የምርመራውን አካሄድ አጥብቆ ተቃውሟል። ደግሞም የተመረመሩት የሳይንስ ጽሑፎች ናቸው። የአንድን ትንሽ ኮሌጅ ገጽ የሚከታተለው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ የገባበት ስህተት ሳይታረም ሊከርም ይችላል።

ተረት፦ የሚጽፉት ገለልተኛ ሰዎች ብቻ ናቸው።

እውነታ፦ የህንዱ የዕቅድና ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ጉዳይ ሌላ ይናገራል። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የነበረው፣ በብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ተጠቃሚ፣ ስለ ተቋሙ የተጻፉ ወቀሳዎችን ለዓመታት ሲያነሳና ሙገሳውን ሲያጎላ ቆየ። የዊኪፒዲያ የግልግል ኮሚቴ ሥልጣኑን ገፎ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዴሊ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ተቋሙ ለሥልጠናዎቹ «ኤምቢኤ» እና «ቢቢኤ» የሚሉትን መጠሪያዎች እንዳይጠቀም አዝዞ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ገጹን አምኖ የተመዘገበ ተማሪ ገንዘቡንም ዕድሜውንም ከፍሏል።

ተረት፦ የግርጌ ማስታወሻ ያለው ቁጥር የተረጋገጠ ነው።

እውነታ፦ ማስታወሻው ብዙ ጊዜ የሚያመራው ወደ ኮሌጁ የራሱ ድረ ገጽ ነው። ታላላቆቹም ከስህተት አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ ዩኒቨርሲቲው ለደረጃ አውጪዎች የሰጣቸውን አኃዞች በይፋ ሞገቱ። ዩኒቨርሲቲውም አንዳንዶቹ ጊዜ ባለፈበት ወይም በተሳሳተ ስሌት የተሠሩ መሆናቸውን አመነ፤ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ደረጃም ወረደ።

ተረት፦ ገጽ ያለው ኮሌጅ ዕውቅና አለው።

እውነታ፦ ዊኪፒዲያ የሚጠይቀው ስለ ተቋሙ ገለልተኛ ምንጮች በበቂ ሁኔታ መጻፋቸውን እንጂ ፈቃዱን አይደለም። ዕውቅና የሌላቸው ተቋማት የተዘረዘሩበት ራሱን የቻለ ገጽ እንኳ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ130 በላይ ካምፓሶቹን እ.ኤ.አ. በ2016 የዘጋው አይቲቲ ቴክም ገጹ ዛሬ ድረስ ይነበባል።

ዕውቅና የሚጣራው ፈቃድ ከሚሰጠው ወይም መዝገቡን ከሚይዘው አካል ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት መዝገብ በነጻ ለሕዝብ ከፍቷል፤ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የተሰኘው ገጹም ወጪን፣ የምረቃ መጠንንና የተመራቂዎችን ገቢ ያሳያል። በኢትዮጵያ ጥያቄው የሚቀርበው ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እዚህ የግል ኮሌጆች የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በትምህርት መስክ ስለሆነ፣ የኮሌጁን ስም ብቻ ማጣራት አይበቃም።

ዊኪፒዲያ ለመነሻ ግን ይጠቅማል። የተቋሙን የስም ለውጦች፣ ከማን ጋር እንደተዋሐደ፣ የገጠመውን ክስና ውዝግብ ከማስታወቂያ ብሮሹር ይልቅ እዚያ ማግኘት ይቀላል። የገጹን የአርትዖት ታሪክ የከፈተ አንባቢ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ያያል፤ የውይይቱ ገጽ ደግሞ አራሚዎቹ የተከራከሩበትን ነጥብ ያሳየዋል። ከምዝገባ በፊት ለሬጅስትራሩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ከእነዚህ ሁለት ገጾች ሊወጡ ይችላሉ።