«ያኔ ባውቅ ኖሮ!»
የቻይና የፍቅር ድራማና ትዳራችን

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ የእህቶች ጸሎት አብቅቶ ቡና ሲፈላ የሚነሣ ወሬ አለ። «ያቺ የተገደለችው ሙሽራ ተመልሳ ነቃች አይደል?» ትላለች አንዷ። «አዎ፣ አሁን ደግሞ ያንን ባለሀብት በውል ልታገባው ነው» ትላለች ሌላዋ። እንግዳ ሰው ቢሰማ የጎረቤት ጉድ ይመስለዋል። ወሬው ግን የቻይና ድራማ ነው።

ነገሩ ድንገት አልመጣም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን፤ «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በየሳሎኑ ገቡ። ብዙ ክርክርም ተነሣ። ያም ሆኖ በቤት ውስጥ የነበረው አንድ ቴሌቪዥን ነበርና ባልና ሚስት፣ አማትና ልጆች አብረው ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ የማይገባ ነገር ሲመጣ የሚያፍርም የሚገሥጽም ሰው አጠገብ ነበረ። የቻይናው ግን የመጣው በስልክ ነው። በቲክቶክ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ተቆራርጦ፣ አንዳንዱም በአማርኛ ተተርኮ ይደርሰናል። የሚታየው ለብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ለስልክ የተሠራው አጭር ድራማ አንዱ ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ጠቅላላው ግን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ክፍል ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነጻ ይታያሉ። ከዚያ በጥፊ ልትመታ እጁ እንደተነሣ፣ ወይም ምስጢሩ ሊገለጥ ሲል ይቆምና ክፈሉ ይላል። ይህ ንግድ በቻይና በ2024 እ.ኤ.አ. ከ50 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ያስገባ ሲሆን፣ የአገሪቱን ሲኒማ ቤቶች የዓመት ገቢ በልጧል። እንግዲህ «አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እተኛለሁ» ብላችሁ ሌሊቱ የነጋባችሁ፣ ያለ ምክንያት አልነጋባችሁም!

ታሪኮቹ ይመሳሰላሉ። አንዳንዶቹ በዘመን ወደ ኋላ የሚወስዱ ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» በዘመናችን የምትኖር ወጣት አደጋ ደርሶባት ስትነቃ ራሷን በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን፣ በልዑላን መካከል የምታገኝበት ታሪክ ነው፤ ኮሪያውያንም በ2016 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ታሪክ አልብሰው ሠርተውታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዳግም የመወለዱ ታሪክ ነው። ሴትዮዋ በባሏና በቅርብ ወዳጇ ተከድታ ትሞታለች። ዓይኗን ስትገልጥ ከዓመታት በፊት ወደነበረችበት ተመልሳለች፤ የሆነውን ሁሉ ታስታውሳለች። አሁን ማን እንደሚከዳት ስለምታውቅ ያንን ባል ትተወዋለች፣ የተሻለውን ትመርጣለች፣ ጠላቶቿንም አንድ በአንድ ትበቀላለች።

ቻይናውያን ይህን «ቾንግሸንግ» ይሉታል፤ ዳግም መወለድ ማለት ነው። የሚገርመው ነገር፣ በሰፊው የሚነበበው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው! ኒቆዲሞስ ያነሣው ጥያቄም የድራማ ጸሐፊዎቹን አሳብ ይመስላል፦ ያረጀ ሰው ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደ ገና መጀመር ይችላል ወይ? ጌታ የመለሰለት ግን ስለ ሌላ ልደት ነው። በድራማው ዘመኑ ይለወጣል፣ ባሉ ይለወጣል፤ ሴትዮዋ ቂሟን እንደያዘች ትቀራለች። በወንጌሉ ዘመኑ ያው፣ ቤቱ ያው፣ ባሉም ያው ነው፤ የሚለወጠው ልብ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባለቤቴ መጋቢ በመሆኑ የተጣሉ ባለትዳሮች ወደ ቤታችን ይመጣሉ። ከሚስትም ከባልም ደጋግሜ የምሰማው «ያኔ ባውቅ ኖሮ» የሚለውን ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ አላገባውም ነበር፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ ያችኛዋን አገባ ነበር። ድራማው ይህን አሳብ አልፈጠረውም። ነገር ግን በየምሽቱ ይመግበዋል። የዛሬ አሥር ዓመት የተነገረ ክፉ ቃል እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ ይቅርታም የሞኝ ሥራ ይመስላል።

መጀመሪያ ጋብቻ፣ ኋላ ፍቅር

ሁሉንም ግን በጅምላ አላወግዝም። ሳይዋደዱ በውል ተጋብተው ኋላ የሚዋደዱበት ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዘፍጥረት 24 ይስሐቅ ርብቃን ካገባት በኋላ እንደ ወደዳት እናነባለን። በምዕራብ ሸዋ ያሉ ብዙ እናቶቻችንም በሽማግሌ ተጠይቀው፣ ናቀታ ታስሮላቸው፣ በወጉ ሳያውቁት ያገቡትን ሰው ወደው አርጅተዋል። ይህን ለወጣቶች መንገር መልካም ነው። ይሁንና በዚያው ምዕራፍ ርብቃ ትሄድ እንደሆነ ተጠይቃለች፤ እሺ ያለችውም ራሷ ናት።

በብዙዎቹ ድራማዎች የሚጎድለው ይህ ነው። ቀዝቃዛው ባለሀብት እጇን ጎትቶ ያስገባታል፣ በር ይዘጋባታል፣ ይቆጣጠራታል፤ ይህም ሁሉ ፍቅር ይባላል። የቻይና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ የጌታ አለቃ ድራማዎች በልክ እንዲሆኑ መመሪያ ሰጥቷል። እኛ ደግሞ ቡቲን፣ ማለትም ጠለፋን የምናውቅ ሰዎች ነን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን «በፈቃዷ» ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ ያ ቀዳዳ የተዘጋው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው። ሴት ልጆቻችን በስልካቸው ላይ ጎትቶ የሚወስድን ወንድ ሲናፍቁ ዝም ልንል አይገባም። ስልኩን ነጥቆ መቆጣት ግን የትም አያደርስም። ቁጭ ብሎ «ይህ ሰው በእውነት ቢመጣ ትፈልጊዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወንድሞችም «የሴት ነገር» ብላችሁ አትለፉት። የእንግሊዝ ኳስ ስትከታተሉ የምታመሹት ሰዓት ከሚስቶቻችሁ ድራማ አያንስም። አንዲት ባለትዳር እህት ከእነዚህ ድራማዎች ምኑን እንደወደደች ጠይቄያት ነበር። ቤተ መንግሥቱን ወይም መኪናውን የምትጠራ መስሎኝ ነበር። «ስትናገር ሥራውን አቁሞ ያዳምጣታል» አለችኝ። ባሏ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተና የትኛው ድራማ እንደሆነ ጠየቃት።