አሮጌዋ ቮልስ ጀማን ከመሻገሯ በፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ በኩል ወደ መርሐቤቴ የሚወስደው መንገድ እስከ ለሚ ድረስ ለማንኛውም መኪና ገር ነው። ከለሚ ወዲያ ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ 2280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ዓለም ከተማ ለመድረስ ከዚያ ብዙም የማያንስ ዳገት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ሰሞን ይህንን መንገድ ከአባታችን በወረስናት፣ በ1968 እ.ኤ.አ. በተሠራች ቮልስዋገን ልንጓዝበት አሰብን። አብረውን የሚሄዱት እናታችንና ሁለቱ ልጆቻችን ነበሩ። እናታችን የትውልድ አገራቸውን ካዩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ሲሄዱም በአባታችን መኪና ካልሆነ በቀር አልሄድም ብለዋል።

ቮልስን ለአንባቢ ማስተዋወቅ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም የምትታይ መኪና ናትና። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ እስከ ወጣችበት ጊዜ ድረስ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጋደሙበት፣ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር የሆነ ነው። የእኛዋ 1285 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ መጠን ያላት፣ 40 የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ ናት። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ለጉዞው ስንዘጋጅ በሞተሩ ላይ ያደረግነውን ምርመራ መነሻ አድርገን፣ ተማሪዎች በመጽሐፍ የሚያውቋቸው ሕጎች በአንዲት አሮጌ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን።

በቅድሚያ የሲሊንደሮቹን የእመቃ ግፊት ለካን። አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የካርቡራተሩ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የግፊት መለኪያው በየተራ በካንዴላዎቹ ቦታ ይገባና ሞተሩ በማስነሻው ይሽከረከራል። ውጤቱ በባር ሲገለጽ 6፣ 6.1፣ 4.2 እና 5.9 ሆነ። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪያችን አብሮን ነበርና የፋብሪካውን መመሪያ አይቶ፣ «ሁሉም ሞተሮች ሞተዋል ማለት ነው፤ ጤነኛው 8 ያህል መሆን አለበት» አለን። የተማሪው ስሕተት ብዙ መካኒኮችንም የሚያሳስት በመሆኑ ጥቂት እንቆይበት።

መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 8 ባር ሲያሳይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 9 ባር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው የአየር መጠን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጠቅላላ ግፊቱ 9 መሆኑ ቀርቶ 6.75 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የአካባቢው 0.75 ሲቀነስ መለኪያው 6 ያሳያል። ስለዚህ 6፣ 6.1 እና 5.9 ጤነኞች ናቸው። የታመመው 4.2 ያሳየው ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑም እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በእነዚህ ዓመታት በተሠሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየር ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ተቀምጧል። ወደዚህ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ቀድሞ በዘይቱ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ይህንን ጉድለት በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዋናው የአየር መንገድ በማውጣት አርሞታል፤ የእኛዋ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

ቫልቮቹን ለአርባ ዓመታት ያህል ቮልስ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ከፍተው አዩልን። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ይህም ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ነው። በሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ላይ ግን በጣም ስሱ የመለኪያ ብረት እንኳ አልገባም። ጋሼ ብረቱን ጠርገው እያስቀመጡ፣ «ዶክተር፣ ቫልቭ ሲንጫጫ አይፍሩ፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው» አሉን።

አነጋገራቸው ሙሉ ፊዚክስ አለው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ራስ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ይህንን ሙቀት በዋናነት የሚያስወግደው ሲዘጋ ከመቀመጫው ብረት ጋር በሚያደርገው ንክኪ ነው። ከአንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ጊዜ ተዘግቶ ስለሚቆይ ለመቀዝቀዝ በቂ ፋታ አለው። ቫልቩ በሙቀትና በድካም ብዛት ጥቂት በረዘመ ቁጥር፣ ወይም ወደ መቀመጫው በሰመጠ ቁጥር ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ክፍተቱ ፈጽሞ ሲያልቅ የሚገፋው ብረት ቫልቩን በስሱም ቢሆን ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ይቋረጣል፤ ከዚህም ብሶ የሚነደው ጋዝ በስሷ ቀዳዳ ሾልኮ የቫልቩን ጠርዝ ያቃጥለዋል። በመጨረሻ የቫልቩ ራስ ሊቆረጥና ሲሊንደሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሰፊ ክፍተት ያለው ቫልቭ ግን ድምፅ ያሰማል እንጂ አይቃጠልም።

ክፍተቱ ተስተካክሎ ግፊቱ እንደገና ሲለካ 4.2 የነበረው 5.1 ሆነ። እኛም ይበቃል ብለን ነበር። ለጉዞ የቆረጥነው የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሲሆን የቀረን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። መካኒኩ ግን አልተስማሙም። የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡና እንድናዳምጥ አዘዙን። አየሩ በካርቡራተሩ በኩል ቢያፏጭ ጥፋቱ የመግቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ቢያፏጭ የፒስተን ቀለበቶች፣ በማርሚታው ቢያፏጭ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። ፉጨቱ የመጣው ከማርሚታው ነበር። «እናትዎን ይዘው ነው ጀማ የሚወርዱት?» ብለው ከመጠየቅ በቀር ሌላ አልተናገሩም። ጉዞው ወደ ጸሎተ ሐሙስ ተላለፈ።

የቮልስ ሞተር ከመኪናዋ አካል ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ የለመደ ሰው በአንድ ሰዓት ያወርደዋል። ቴስታታው ሲነሣ የቫልቩ ጠርዝ በአንድ በኩል፣ እንደ ተነከሰ ቂጣ፣ ጎድሎ ተገኘ። አዲስ ቫልቭ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተር በአገራችን እንደገና ዋጋ ያገኘ ይመስለናል፤ ያን ጊዜ ግን የቮልስ ዕቃ የሚፈልግ ሰው እንደ ቅርስ ሰብሳቢ ነበር የሚታየው።

ሁለተኛው ጉዳይ ካርቡራተሩ ነው። የወጡት ካንዴላዎች ሁሉ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ነበር። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመንደድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ግን አየርን በክብደት መመዘን አይችልም፤ ቤንዚኑን የሚስበው አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት ቅናሽ ነው። የአየሩ እፍግታ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ የሚገባው አየር 75 በመቶ ይሆናል፤ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው ግን በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ 87 በመቶ ላይ ይቆማል። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ሲመጣ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል ማለት ነው። ጥላሸቱም ይኸው ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በወደብ ከተማ ያየናቸው ቮልሶች ከእኛዎቹ ይልቅ ዳገት ሲደፍሩ ይገርመን የነበረው ይህንን ሳናስብ ቀርተን ነው።

መፍትሔው የቤንዚን ማለፊያዋን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ይመስላል። ነገር ግን ጀማ አለ። ከሸለቆው በታች አየሩ ከአዲስ አበባው በአሥር በመቶ ያህል ስለሚታፈግ ለአዲስ አበባ ልክ የሆነው ቅልቅል እዚያ ሲደርስ አምስት በመቶ ያህል ቤንዚን ይጎድለዋል። በጥቂቱ ቤንዚን የጎደለው ቅልቅል ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝን ሞተር፣ ያውም ሙሉ ጭነት ይዞ በቆላ ሙቀት ዳገት ሲወጣ፣ ከሚገባው በላይ ያግለዋል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ብቻ የጠበበች ቀዳዳ አስገባን፤ ጥቂት ጥላሸት ቢቀር ቢቀር መረጥን።

ሞተሩን ከጨረስን በኋላ ስለ ፍሬን ማሰብ ግድ ሆነ፤ ተማሪዎችም ይህችን ስሌት ራሳቸው ቢሠሯት እንወዳለን። መኪናዋ ከነተሳፋሪዋና ከነዕቃዋ 1150 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 11.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሁሉ ወደ አራቱ የፍሬን ታምቡሮች ቢገባና እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ አንድ ኪሎ ግራም ብረት በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 460 ጁል ስለሚፈልግ፣ ሙቀታቸው በሺህ ዲግሪ ይጨምራል። ነፋስ ስለሚያቀዘቅዛቸው በተግባር እዚያ አይደረስም፤ የፍሬን ዘይት ግን ሺህ ዲግሪ አይጠብቅም። ተራው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በላይ የሚፈላ ሲሆን ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ የፍሬኑ መርገጫ ወለል ድረስ ይገባል እንጂ ጎማውን አይዝም። ዘይቱን ለወጥንና ከለሚ በታች በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። በዚህ ጊዜ ጉልበቱን የሚውጠው ቤንዚን የማይሰጠው ሞተር ነው፤ ማራገቢያውም በፍጥነት ስለሚዞር ሞተሩ እየቀዘቀዘ ይወርዳል።

ከወንዙ ወዲያ ያለው ዳገት ተቃራኒው ነው። ያንኑ ያህል ጉልበት ለመመለስ አንድ ሊትር ቤንዚን በያዘው 32 ሚሊዮን ጁል ስናስበው ከግማሽ ሊትር በታች የሚበቃ ይመስላል። ሞተሩ ግን ከቤንዚኑ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛ ያህሉን ስለሆነ ለከፍታው ብቻ ሁለት ሊትር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ቤንዚን ይነዳል፤ የቀረው ሁሉ መውጣት ያለበት ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አሽከርካሪዎች ሞተሩ እንዳይደክም ብለው በከፍተኛ ማርሽ ያስገፉታል። በቮልስ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ማራገቢያው በሞተሩ ዘንግ በቺንጊያ ስለሚዞር የሞተሩ ዙር ሲቀንስ አየሩም ይቀንሳል። በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ የሚወጣው ሞተር በሦስተኛ እያቃሰተ ከሚወጣው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ነውና የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው መቆም ይገባል፤ መለዋወጫ ቺንጊያ ከወንበር ሥር ይዘን ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ እናታችን ከፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን ኩርባ በስሙ ሲጠሩ ልጆቹ የሞተሩ ጩኸት አላሰማ እያላቸው ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ከዳገቱ አጋማሽ ባለች ዛፍ ሥር፣ ሞተሩን ሳናጠፋ በቀስታ እያዞርን ሩብ ሰዓት አሳረፍናት፤ ሞተሩ በግለቱ ድንገት ቢጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም በብረቱ የታመቀው ሙቀት መሄጃ ያጣል። ዓለም ከተማ የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

በስቅለት ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ቀዝቅዛ ያደረችውን ሞተር ከፍተን ቫልቮቹን ለካን። ሦስተኛው 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር። ከአንደኛው ሲሊንደር የመግቢያው ቫልቭ 0.2 ሆኖ ስለተገኘ አስተካከልነው፤ እጃችንን ታጥበን ወደ ስግደቱ ሄድን።