አራሷን ማን ጠየቃት?

“እንኳን ማርያም ማረችሽ!” እየተባለ ይገባል። ገንፎ ይቀርባል፤ ሕፃኑ ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል፤ አባቱን ነው እናቱን የሚመስለው የሚለው ክርክር ይደራል። አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞር “ደክሟት ነው” ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴ እውነትም ድካም ነው። አንዳንዴ ግን ድባቴ ነው።

በወለዱ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሆድ መባስና እንባ መቅረብ ብዙ እናቶችን ያገኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ድባቴ ግን ይሰነብታል። ልጇ ተኝቶላት እንኳ የእሷ ዐይን አልከደን ይላል፤ ምግብ ያስጠላታል፤ “እኔ ለዚህ ልጅ አልሆነውም” ማለት ትጀምራለች። “የወሊድ” ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና በእርግዝናው ወራት ነው። በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉ፣ ከ100 ወላዶች ደግሞ 20 ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድባቴ እንደሚያጋጥማቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል።

በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች እጅግ ይጨምራሉ፤ እንግዴ ልጅ ሲወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ታዲያ ይህ በወላድ ሁሉ ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ለምን አንዷ ታማ ሌላዋ ትድናለች? በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ ለዚህ መልስ ፍንጭ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ እርጉዝ ላልሆኑ 16 ሴቶች ሁለቱን ሆርሞኖች ለሳምንታት ሰጥተው፣ ሴቶቹ ሳያውቁ አቋረጡባቸው። ግማሾቹ ቀደም ሲል በወሊድ ድባቴ ታመው የዳኑ ነበሩ፤ ከእነዚህ ከ8ቱ 5ቱ ስሜታቸው ዳግም ታወከ። ታመው ከማያውቁት 8 ሴቶች ግን አንዷም አልታወከችም። “ልቧ ደካማ ነው” ለሚሉ ዘመዶች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ሆርሞን ብቻውን ግን አያሳምምም። ችግር፣ የባል ዱላ፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ አጋዥ ማጣት ሸክሙን ያከብዱታል። መድኃኒት አለ፤ ንግግርም ያክማል። በፓኪስታን ገጠር የመንደር ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው በድባቴ የታመሙ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከወለዱም በኋላ፣ ቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። ከወሊድ 6 ወር በኋላ፣ ይህን እርዳታ ካገኙት በድባቴ የቆዩት 23 በመቶ ነበሩ፤ ካላገኙት ግን 53 በመቶ። ውጤቱ የታተመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ሕፃኑን ከማቀፋችሁ በፊት “አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?” በሏት። ራሷን ወይም ልጇን ስለ መጉዳት ካነሳች፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሷት።