ከፍ ብሎ የተሠራው የለገሃር ቀላል ባቡር ጣቢያ፦ ታሪኩ፣ አቀማመጡና የመወጣጫው ጥያቄ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት። የሰሜን ደቡቡ መስመር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል። እያንዳንዱ መስመር 22 ጣቢያዎች ሲኖሩት የሁለቱ ድምር ግን 44 ሳይሆን 39 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የተባሉት አምስት ጣቢያዎች ሁለቱም መስመሮች በጋራ የሚገለገሉባቸው በመሆናቸው ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህ የጋራ ክፍል በኮንክሪት ዓምዶች ላይ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያልፋል። ከአምስቱ መካከል ለገሃር የቆየ የባቡር ታሪክ ካለበት ስፍራ ላይ በመገኘቱ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው።

ለገሃር የሚለው ስያሜ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወረሰ ሲሆን ፍቺውም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ስለዚህ «የለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየጠራነው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የግንባታ ፈቃድ የተጀመረው የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1929 ተጠናቀቀ። በዘመኑ ተጓዥ ከተማዋን የሚያየው ከዚህ ሕንፃ ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ከፊት ለፊቱ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚዘልቀው ጎዳና እይታውን እስከ ማዘጋጃ ቤት ይወስደዋል። ሕንፃው የጎዳናው መዝጊያ፣ ጎዳናውም የሕንፃው መክፈቻ ሆነው የቆሙ ናቸው።

የቀላል ባቡሩ ድልድይ በዚህ እይታ ላይ አግድም ያልፋል። የግንባታው ወጪ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 85 በመቶው በቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ብድር የተሸፈነ ነበር፤ ሥራውን ያከናወነውም የቻይናው የባቡር ምህንድስና ድርጅት ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ሲመረቅ የመንገደኞች ጣቢያው ለቡ ሆነ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የቀላል ባቡሩ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም በለገሃር አሮጌውና አዲሱ ባቡር ጎረቤታሞች ቢሆኑም በሐዲድ አይገናኙም።

የጣቢያውን አቀማመጥ ለመረዳት ከባቡሩ መነሣት ይቀላል። ተሽከርካሪዎቹ ከወለላቸው 70 በመቶ የሚሆነው ዝቅ ያለ፣ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚስቡ ናቸው። ወለሉ ዝቅ ማለቱ የመሳፈሪያውንም መድረክ ዝቅ አድርጎታል። ይህ ባሕርይ በምድር ላይ ባለ ጣቢያ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አረጋዊም ሆነ ሕፃን ያዘለች እናት ከመንገድ ብዙም ሳይወጡ ይሳፈራሉ። በለገሃር ግን መድረኩ ራሱ ድልድይ ላይ ስለሆነ ጥቅሙ የሚገኘው ደረጃው ከተወጣ በኋላ ነው። ከመድረክ ወደ ባቡር ያለው እርምጃ አጭር ነው፤ ከመንገድ ወደ መድረክ ያለው ግን ረጅም ነው። ለገሃርን የመሰለ ጣቢያ ለዊልቸር ተጠቃሚ ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የባቡሩ አሠራር ሳይሆን አሳንሰሩ በዕለቱ መሥራት አለመሥራቱ ነው።

በሌላ በኩል ከፍታው ለእግረኛ የሰጠውን መዘንጋት አይገባም። መስመሩ በምድር ላይ በሚሄድባቸው ሰፈሮች ሐዲዱ ከመንገዱ መሐል ታጥሮ ግራና ቀኙን ለያይቷል፤ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ እስከ መሻገሪያው መዞር ግድ ይላል። በለገሃር እግረኛው በድልድዩ ሥር ያልፋል። የጋራው ክፍል ለከተማዋ መሐል ያመጣው ጥቅም በአመዛኙ ባቡር ለማይሳፈረው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መስመር መቀየርም በለገሃር መልኩ የተለየ ነው። ከአያት የመጣና ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድ ተሳፋሪ ደረጃ መውረድና መውጣት አያስፈልገውም፤ ወርዶ እዚያው መድረክ ላይ ተከታዩን ባቡር ይጠብቃል። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ግን የመጣው ባቡር የቃሊቲ ይሁን የአያት አይቶ መሳፈር አለበት፤ ከስታዲየም በኋላ መንገዳቸው ይለያያልና። የዚህ ምቾት ዋጋ የሚከፈለው በምልልስ ነው። በእያንዳንዱ መስመር በየ10 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢመጣ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ5 ደቂቃው አንድ ያልፋል፤ በአንዱ መስመር የተፈጠረ መዘግየትም ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ የሁለቱንም መስመሮች የምልልስ ጣሪያ የሚወስነው ይህ አጭር ክፍል ነው።

ሆኖም ጣሪያው እስካሁን ዋናው ችግር አልሆነም። አገልግሎቱ ሲጀመር ከቀረቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው፣ የሚሠሩት ከግማሽ በታች የወረዱበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጋራው ሐዲድ ከአቅሙ በታች ይሠራል፣ የተሳፋሪው መጠበቂያ ጊዜ ይረዝማል፣ መድረኩም ይጨናነቃል። በምድር ላይ ባለ ጣቢያ የተትረፈረፈ ሰው የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በለገሃር ግን ከመድረኩ ውጪ ያለው መቆሚያ ደረጃው ብቻ ነው።