የቤይሩት የይግባኝ ጠበቃ፦ ሙያው፣ ነጻ ጥብቅናውና ብዕሩ

በሊባኖስ የይግባኝ ጠበቃ የሚባለው በይግባኝ ጉዳዮች ላይ ብቻ የተሰማራ ባለሙያ ሳይሆን፣ የልምምድ ዘመኑን ጨርሶ ስሙ በጠበቆች ማኅበር ዋና መዝገብ ላይ የሰፈረ ጠበቃ ሁሉ የሚጠራበት ማዕርግ ነው። ማዕርጉ ባለቤቱ ከከፍተኛ ችሎቶች ፊት በራሱ ስም ቆሞ መከራከር እንደሚችል የሚመሰክር ስለሆነ፣ በቤይሩትም ሆነ እንደ ባዕብዳና ጅዴይደ በመሳሰሉት የከተማዋ ዳርቻዎች በየቢሮው በር ላይ ተጽፎ ይገኛል። እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በቤት ሠራተኝነት በሚኖሩባት በዚህች አገር ደመወዝ ሲከለከል፣ ፓስፖርት በማዳም እጅ ሲቀር ወይም ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያለፈባት ሠራተኛ ስትታሰር ስለ እርሷ የሚቆመው ይኸው ባለሙያ፣ ብዙውን ጊዜም ያለ ክፍያ ስለሆነ፣ አሠራሩን ማወቅ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የቤይሩት ጠበቆች ማኅበር የተቋቋመው በ1919 ነው (የሊባኖስ ዘመናት ሁሉ እዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል)፤ ዛሬ ሙያውን የሚገዛው ደግሞ በ1970 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በሕግ የተመረቀ ወጣት ወደ ማኅበሩ ከገባ በኋላ በአንድ ነባር ጠበቃ ቢሮ ሦስት ዓመት በተለማማጅነት ያገለግላል። የተለማማጁ ውሎ ከክርክር ይልቅ ከመዝገብ ጋር ነው፤ መጥሪያው ለተከሳሽ መድረሱን ያጣራል፣ የፍርድ ግልባጭ ያወጣል፣ ቴምብር ይለጥፋል፣ ቀጠሮ ይመዘግባል። ይህ አድካሚ ሥራ የሚያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ብዙ እውነተኛ አቤቱታ የሚወድቀው ፍሬ ነገሩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ቀኑ አልፎበት ወይም መጥሪያው በትክክል ሳይደርስ ቀርቶ መሆኑን ነው። የሚሠራበት ሕግም ፈረንሳዊ ሥር አለው። የ1932ቱን የግዴታዎችና የውሎች ሕግ ያረቀቀው ሉዊ ጆስራን የተባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ስለ ነበር፣ የቤይሩት ጠበቃ የፈረንሳይኛ ሐተታ እያነበበ በዐረብኛ ይጽፋል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድም ፈረንሳዊ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊ የሕግ ባለሙያ የሊባኖስን የውል ሕግ ሲያነብ ባዕድነት አይሰማውም።

የፍርድ ቤቶቹ ቅደም ተከተል ሦስት ደረጃ አለው። ከሥር ነጠላ ዳኛ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ይገኛል፤ ከዚያ በላይ በየአውራጃው ዋና ከተማ አንድ ሰብሳቢና ሁለት አማካሪ ዳኞች የሚቀመጡበት የይግባኝ ፍርድ ቤት አለ፤ ከሁሉም በላይ በቤይሩት የሰበር ፍርድ ቤት ይሰየማል። የተራራማው ሊባኖስ አውራጃ የቤይሩትን ደቡባዊና ምሥራቃዊ ዳርቻዎች ስለሚያጠቃልል፣ በዳርቻዎቹ የሚነሣ ክርክር የሚታየው በቤይሩት ሳይሆን እንደ ባዕብዳ ባሉ የዚያው አውራጃ ፍርድ ቤቶች ነው። የይግባኝ ችሎት ጉዳዩን በፍሬ ነገርም በሕግም እንደገና ከሥሩ ይመረምራል፤ ሰበር ግን ሕጉ በትክክል መተርጎሙን ብቻ ያያል። ስለዚህ አንድ ማስረጃ በይግባኝ ደረጃ ሳይነሣ ከቀረ ከዚያ በኋላ የሚነሣበት ቦታ የለም ለማለት ይቻላል፤ የይግባኝ ጠበቃው ኃላፊነት የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠበቃው ችሎት ቆሞ ከሚናገረው ይልቅ የሚጽፈው ይመዝናል። የፍትሐ ብሔር ክርክር በአብዛኛው የሚካሄደው በጽሑፍ ልውውጥ ሲሆን፣ ይግባኙ ፍርዱ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ፣ በአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ የተሰጠ ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ማመልከቻው የተለመደ ሥርዓት አለው። ይግባኝ የተባለበት ፍርድ ተያይዞ፣ የነገሩ አመጣጥ በአጭሩ ከተተረከ በኋላ፣ በመጀመሪያ ‹ስለ ቅርጽ› በሚል ርእስ ይግባኙ በጊዜው ስለ መቅረቡና ውክልናው የጸና ስለ መሆኑ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ‹ስለ መሠረቱ› በሚል ርእስ የሥር ዳኛው የተሳሳተበት ነጥብ አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻ ‹ስለዚህ› የምትል ቃል ለብቻዋ ትቀመጥና ከሥሯ ፍርድ ቤቱ እንዲያደርግ የሚለመነው ነገር በቁጥር ተለይቶ ይሰፍራል። ዳኞች ከብዙ መዝገብ መካከል አንዱን ሲያነሡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ የመጨረሻ ክፍል ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥሩ ጸሐፊ ልመናውን ካረቀቀ በኋላ ነው ወደ ምክንያቶቹ የሚመለሰው። ደካማ ጽሑፍ የሚታወቀው የሥር ፍርዱን ሁሉ በመንቀፉ ነው፤ ጠንካራው ግን ፍርዱ የቆመበትን አንድ ምሰሶ ለይቶ እርሱን ብቻ ይገፋል።

ይህ ጥበብ ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ሕጉ ራሱ በሩን በዘጋበት ቦታ ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀንና የዝቅተኛ ደመወዝ ጥበቃው ለእነርሱ አይደርስም። በዚህ ባዶ ቦታ የነገሠው የካፋላ ሥርዓት ሲሆን፣ ካፋላ ማለት የውጭ አገር ሠራተኛን መኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር አስሮ ያለ እርሱ ፈቃድ መልቀቅን ሕገ ወጥ የሚያደርግ አሠራር ነው። ጠበቆች ግን ሌላ መንገድ ፈለጉ። የሥራ ሕጉ ባያውቃትም ሠራተኛዋ የውል ባለቤት ናትና የ1932ቱ ሕግ ይገዛታል ብለው ተከራከሩ። ከዚህም በላይ በ1990 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በመግቢያው አገሪቱ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ እንደምታከብር ስለሚናገር፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 2 ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተራ ሕግ እንደሚበልጥ ስለሚደነግግ፣ ዳኛው እነዚህን በቀጥታ እንዲሠራባቸው ጠየቁ። በሰኔ 2014 በቤይሩት የአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዙ የመንቀሳቀስ ነጻነቷን እንደሚጥስ ወስኖ እንዲመለስላት ማዘዙ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሰሚ ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ፓስፖርቱን መደበቅ እንደ ቤት ሥርዓት በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ ትንሽ ድል አይደለም።

ያለ ክፍያ መከራከር በሊባኖስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በሕግ የተደነገገው የፍርድ ቤት ርዳታ ነው፤ ወጪውን መሸፈን የማይችል ተከራካሪ ችግሩን አስረድቶ ሲጠይቅና ጥያቄው ሲፈቀድለት ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ይሆናል፣ የጠበቆች ማኅበሩም ጠበቃ ይመድብለታል። ሁለተኛው በጎ ፈቃድ ሲሆን፣ የዚህ ልማድ ጉልበት የታየው ከጥቅምት 2019 ሕዝባዊ ተቃውሞ ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች የታሰሩ ሰልፈኞችን ፍለጋ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለሱ የሚገጥማቸው እንቅፋት፣ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ጠበቃ እንዳይገኝ መከልከሉ ነበር፤ በጥቅምት 2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 191 ተጠርጣሪው ጠበቃው ባለበት እንዲመረመር በማድረጉ ክልከላው በሕግ ደረጃ ተነሣ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በመልሔም ኸለፍ ይመራ የነበረው ማኅበር ከ1,000 በላይ ተጎጂዎችን ያለ ክፍያ ወክሎ ክስ አቀረበ። የአገር ውስጥ ምርመራው በፖለቲካ ጫና ሲታገድ ማኅበሩ ፊቱን ወደ ለንደን አዞረ፤ የፈነዳውን አሞኒየም ናይትሬት በሻጭነት ያስጫነውን ሳቫሮ የተባለ ኩባንያ ከሶ በየካቲት 2023 ኃላፊ አስደረገው፣ በዚያው ዓመት ሰኔም ከ800,000 ፓውንድ በላይ ካሳ አስፈረደበት። በኢትዮጵያ ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስገድድ እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ የቤይሩቱ ልምድ ሰዓት በመቁጠር ያልተወሰነ፣ በመከራ ጊዜ እንደ ደቦ የሚጠራ መሆኑን ልብ ይላል።

ለስደተኛ ሠራተኛ ግን ነጻ ጠበቃ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ጠበቃው ስለ እርሷ እንዲናገር በውል አዋዋይ ፊት የተፈረመ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውል አዋዋዩ ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያዋ ፓስፖርቷ ነው፤ ፓስፖርቷ በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ ከቤት ከወጣች አሠሪው ‹ጠፋች› ብሎ ያመለክትና ተፈላጊ ትሆናለች። የጠቅላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በአምን አል ዓም ስም የሚታወቀው፣ የውጭ አገር ሰዎችን ያስርበት የነበረው የቀድሞ ማቆያ የሚገኘው ዐድሊየ በተባለው ሰፈር ከመኪና ድልድይ ሥር፣ ቀድሞ የምድር ውስጥ መኪና ማቆሚያ በነበረ ቦታ ነበር፤ የፍትሕ ቤተ መንግሥቱም ያለው በዚያው በዐድሊየ ነው። በችሎቱና በእስረኛዋ መካከል ያለው ርቀት የእግር መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ዳኛ ሳያዩ ወደ አገራቸው ተሳፍረዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ባወጣው ጥናት ስደተኛ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከቱ 114 ፍርዶችን መርምሮ፣ ክርክሮቹ ለዓመታት እየተጓተቱ ሠራተኞቹ ጉዳያቸውን ከግብ ሳያደርሱ አገሩን ለመልቀቅ እንደሚገደዱ አሳይቷል። የደመወዝ ክርክርን የሚያየው የሥራ ጉዳዮች የግልግል ጉባኤ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው፤ ውሳኔውም ይግባኝ የማይባልበት፣ በሰበር ብቻ የሚታረም ነው። ይህ አካሄዱን ለማፋጠን የታሰበ ቢሆንም፣ ከ2019 ወዲህ በደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት የዳኞች ደመወዝ ዋጋ አጥቶ በ2022 ለወራት ሥራ ሲያቆሙ፣ ፍርድ ቤቶቹም መብራትና ወረቀት ሲያጡ፣ ፈጣን የተባለውም መንገድ ቆመ።

በዚህ ሁሉ መካከል በጥቅምት 2020 አንድ ድፍረት የተሞላበት ማመልከቻ ቀረበ። ሊጋል አክሽን ወርልድዋይድ የተባለው ድርጅት ጠበቆች፣ ለዓመታት ደመወዟ ተከልክሎ ከቤት እንዳትወጣ ተደርጋ ሠርታለች የተባለችውን አንዲት ኢትዮጵያዊት ወክለው፣ በአሠሪዋና በአስቀጣሪው ላይ የባርነትና የባሪያ ንግድ የወንጀል ክስ መሠረቱ፤ በየካቲት 2022ም ጉዳዩ በባዕብዳ በመርማሪ ዳኛ ፊት መሰማት ጀመረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በደል በአብዛኛው የደመወዝ ክርክር ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ ነበር። ጠበቆቹ ያደረጉት፣ እንቅስቃሴዋን መቆጣጠርን፣ ያለ ክፍያ ማሠራትንና ሰነድ መያዝን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ በሰው ላይ የባለቤትነትን ሥልጣን መጠቀም ይሆናሉ ብሎ መጻፍ ነው። ክሱ በቀረበበት ሰሞን የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንድትለቅና ፓስፖርቷን እንድትይዝ የሚፈቅድ አዲስ ወጥ ውል አውጥቶ ነበር፤ የአስቀጣሪ ቢሮዎች፣ ሠራተኞቹ መክተብ የሚሏቸው፣ ማኅበር አቤት ሲል የአስተዳደር ጉዳዮችን የሚዳኘው የመንግሥት ሹራ ምክር ቤት ውሉን በጥቅምት 14 ቀን 2020 አገደው። አቤቱታ የመጻፍ ጥበብ የበዳይም የተበዳይም መሣሪያ ነውና፣ በነጻ የሚጽፈው ጠበቃ ከተከፋዩ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይችልም።

የቤይሩት ጠበቆች ብዕር ከመዝገብ ቤት ውጭም ይጽፋል። በ2009 በጠበቃ ኒዛር ሳጊየና በባልደረቦቹ የተቋቋመው ‹ሊጋል አጀንዳ› የተባለው ድርጅት ፍርዶችን እየሰበሰበ፣ እየተነተነና እየተቸ በመጽሔት ያትማል፤ ሳጊየ ራሱም በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የጠፉ ሰዎችን ቤተሰቦች ወክሎ ለዓመታት ተከራክሮ፣ በመጋቢት 2014 የሹራ ምክር ቤቱ ቤተሰቦቹ የወገናቸውን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳላቸውና የመንግሥት የምርመራ መዝገብ እንዲሰጣቸው እንዲወስን አድርጓል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የጠፉ ሰዎች ሕግ ቁጥር 105 ወጣ። አንድ ፍርድ በመዝገብ ቤት ቢቀር የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ ታትሞ ሲወጣ ግን በባዕብዳ ያለ ተለማማጅ ለሌላ ባለጉዳይ ዋቢ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ደንበኛዋ ተሳፍራ ከሄደች በኋላም ስለ እርሷ የተጻፈው ክርክር ለሌላዋ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ነጻነት በመጋቢት 2023 ተፈተነ። የጠበቆች ማኅበሩ ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንቡን አሻሽሎ፣ ጠበቃ ስለ ሕግ ጉዳይ በመገናኛ ብዙኃን ከመናገሩ በፊት ከማኅበሩ ፕሬዚዳንት ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘ። ሳጊየና ሌሎች ጠበቆች ማሻሻያው የመናገር ነጻነትን እንደሚጥስ ጠቅሰው፣ በማኅበሩ ውሳኔዎች ላይ የሚቀርብ አቤቱታን በሚያየው በቤይሩት የይግባኝ ፍርድ ቤት ተቃወሙት። በሌላው ስም ሲለምን የኖረው ጠበቃ በዚህ መዝገብ ላይ ራሱ ባለጉዳይ ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 4 ቀን 2023 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ።