የሆም ቲያትር ሪሲቨር፦ ከገመዱ በፊት ንድፉ

ሪሲቨር ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የዲሹን ሲግናል ወደ ምስል የሚቀይረውን ሣጥን ነው። የሆም ቲያትር ሪሲቨር ግን ከልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚመጣውን ተቀብሎ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ያስተላልፋል፤ ድምፁን ደግሞ አጉልቶ ለስፒከሮች ያከፋፍላል።

በምዕራብ አምስተርዳም በምትገኘው ስሎተርቫርት ብዙዎቹ መኖሪያዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ አፓርታማዎች ናቸው። ወለልና ግድግዳ ከጎረቤት ጋር በሚጋሩበት እንዲህ ባለ ቤት፣ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የገመዶቹን መንገድ በወረቀት መንደፍ ከከንቱ ወጪም ከጎረቤት ቅሬታም ያድናል።

በንድፉ ላይ የሳተላይት ሣጥኑና ሌሎች ምንጮች በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይገባሉ፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወጣው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ይህ ገመድ በሁለቱም ጫፍ «ኤአርሲ» በተጻፈበት ቀዳዳ ከተሰካ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከኢንተርኔት የሚያመጣው ፕሮግራም ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል። አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ከሆነው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው።

«5.1» በሚባለው አሰላለፍ አምስት ስፒከሮችና አንድ የወፍራም ድምፅ ማጉያ፣ ማለትም ሰብዉፈር፣ አሉ። ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ስለሆነ ቦታው ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ ነው። የስፒከር ገመድ ሲታሰር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይገናኛል፤ የአንዱ ከተገላበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ሰብዉፈሩን ከማዕዘን ማራቅም ይገባል፤ ማዕዘን ወፍራም ድምፅን ያጎላል፣ ወፍራም ድምፅም ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል።