ያውቁ ኖሯል? መዝገብ ያስገኛት መርከብ

«ኮቶፓክሲ» የተባለችው የአሜሪካ የእንፋሎት መርከብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1925 የድንጋይ ከሰል ጭና፣ 32 ሰዎችን ይዛ ከቻርልስተን ወደ ሃቫና ተነሣች። ሃቫና ግን አልደረሰችም። ለብዙ ዓመታትም «ቤርሙዳ ትሪያንግል ዋጣቸው» ከሚባሉት መርከቦች ተርታ ስሟ ሲነሣ ኖረ።

• ዋናው ፍንጭ የተገኘው ከመዝገብ ቤት ነው። ለንደን በሚገኘው የሎይድስ የመድን ሰነድ ውስጥ፣ መርከቧ ዲሴምበር 1 ቀን የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማቷ ሰፍሮ ተገኘ። ጥሪው የተሰማው ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ነበር።

• ከፍሎሪዳዋ ሴንት ኦገስቲን ከተማ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ጠላቂዎች ለዓመታት የሚያውቁት ማንነቱ ያልታወቀ የመርከብ ስብርባሪ ነበር። የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያው ማይክል ባርኔት ጠልቀው የቦይለሮቹን መጠን ለኩ፤ ልኩ ከኮቶፓክሲ ጋር ገጠመ። ግኝቱ በ2020 ይፋ ሆነ።

• የሟቾቹ ቤተሰቦች ገና በዚያን ዘመን በመሠረቱት ክስ፣ የጭነት ክፍሉ የእንጨት መክደኛዎች የተበላሹ እንደነበሩ ተናግረዋል። በማዕበል ውስጥ ይህ ውሃን በር ከፍቶ እንደ መጋበዝ ነው።

የጠፋ መርከብ የሚፈልግ ሰው፣ ባሕር ከመግባቱ በፊት መዝገብ ያገላብጥ።